ሦስት ቁጥር ማሽን ላይ የታሰረ ሽቦ

በልብስ ማጠቢያው ድርጅት አሥራ አራት ዓመት መካኒክ ሆኜ ስሠራ ሦስት አለቆች አይቻለሁ። የመጀመሪያው ይሳደብ ነበር። ሁለተኛው ስድቡን በወረቀት አስጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ ነበር። ሦስተኛዋ ሲስተር ናት። የማወራው ስለ እሷ ነው፤ የራሴን ጉድ ሳላነሳ ግን እሷን ማንሳት አልችልም።

ሲስተር የምንላት ነርስ ስለነበረች ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጦርነትና ጎርፍ ያፈናቀለው ሕዝብ በሰፈረበት ሁሉ፣ ድንኳን ውስጥ ቁስል ስታጥብ ኖራለች። የድርጅቱ ባለቤት ወንድሟ ነው። ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ሲለው «ነይልኝ» አላት፤ አንድ ሻንጣ ይዛ መጣች። ስለ ሳሙና የምታውቀው እጅ መታጠቢያውን ብቻ ነበር።

በመጣች በሳምንቱ አርባ አንዳችንንም እንፋሎቱ መሀል ሰበሰበችን። «አንቱ አትበሉኝ» አለች መጀመሪያ። በዕድሜ እኩያዬ ብትሆንም አለቃን «አንቺ» ማለት አፌ አልገራ ብሎኝ ሁለት ወር ያህል በአገጬና በቅንድቤ ነው ያናገርኳት። ቀጥላ ደግሞ፣ «ስህተት የሠራም ያየም ሰው ይንገረኝ። የተናገረ አይቀጣም፤ ስሙም ከእኔ አፍ አይወጣም» አለች። እኔ ሳቄ መጣ። የካውያ ክፍል ኃላፊዋ ሬዲዮ አጠገቤ ቆማ ነበር። ሬዲዮ ያልናት አፏ ከጠዋት እስከ ማታ ስለማይዘጋ ነው። «ይሄ ለድንኳን እንጂ ለእኛ አይሆንም» አልኳት በሹክሹክታ። «ተዋት፣ ትለምደዋለች» አለችኝ።

አልለመደችም። ጠዋት ጠዋት ስትገባ፣ ሊያማርር የተሰለፈውን ሰው በሰላምታ ታልፍና ምንም ወደማይለው ትሄዳለች። «የሚጮህ ሰው ትንፋሽ አለው፤ እኔ የምፈራው ዝም ያለውን ነው» ትል ነበር። ሦስት ቁጥር ማሽን ላይ ልብስ የምታስገባ አንዲት ሴት አለች፤ ዝምተኛዋ እንላታለን። ሲስተር ስድስት ቀን ሙሉ አጠገቧ እየቆመች እርጥብ አንሶላ አብራት አነሳች። በስድስተኛው ቀን ዝምተኛዋ ጋሪው ዝቅ ስለሚል ወገቧን እንደሚያማት ተናገረች። ለአንዲት ሴት ወገብ ተብሎ የስድስት ጋሪ እግር አስቀጠለችኝ! ስበይድ እየተራገምኩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ወገቤን ብሎ የቀረ ሰው የለም፤ እውነቱን መናገር አለብኝ።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ።

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። የሦስት ቁጥር ማሽን ማሞቂያ ከጠዋቱ ጀምሮ ያስቸግር ነበር። ያ ማሽን የሆስፒታል አንሶላ ብቻ ነው የሚያጥበው። ውሃው በደንብ ካልፈላ ወደሚቀጥለው ዙር አያልፍም፤ ቀይ መብራት አብርቶ ይቆማል። የተሠራውም እንዲህ እንዲያስቸግር ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ተደወለልኝ፤ ልጄ ከደረጃ ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል። ቀይ መብራቱ በርቷል፣ ማሽኑ ውስጥ የወሊድ ክፍል አንሶላ አለ፣ የሆስፒታሉ መኪና ደግሞ በማግስቱ ማለዳ ይመጣል። ክዳኑን ከፈትኩና ሁለት ነጥቦች በቁራጭ ሽቦ አገናኘሁ። ማሽኑ ውሃው የፈላ መሰለውና ቀጠለ። ክዳኑን እንኳ መልሼ ሳልገጥም ሮጥኩ። የተረፈ ጀርም ካለ ካውያው ይገድለዋል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

የልጄ ክንድ በጀሶ ታሸገ። እኔ ግን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ሽቦውን ፈትቼ አንሶላውን ደግመን እናጥባለን ብዬ ከሥራ መግቢያ በፊት ደረስኩ። ግቢው ውስጥ የጎማ አሻራ ብቻ ነበር። መኪናው ከእኔም ቀድሞ ጭኖ ሄዷል።

ሽቦውን ፈታሁት። ክዳኑን ገጠምኩት። ማን ያውቃል? ማንም። ይህን ለራሴ እየነገርኩ አንድ ሰዓት ያህል ያልተበላሸ ማሽን ስፈታና ስገጥም ቆየሁ። አንድ ጊዜ ስልክ ሲጮህ መፍቻው ከእጄ ወደቀ። በመጨረሻ ቢሮዋ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ያለ መግቢያ ዘረገፍኩት።

ሲስተር አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ልጅህስ?» አለች መጀመሪያ።

«ደህና ናት። ጀሶ አድርገውላታል።»

«ስንት አንሶላ ነው?»

«አርባ። የወሊድ ክፍል ነው።»

ስልኩን አነሳች። ያን ጊዜ ነው የባሰ የፈራሁት። «ቆይ እስቲ» አልኳት፣ «ሆስፒታሉ ጥሎን ከሄደ ግማሻችን ሥራ እንፈታለን። ካውያም እኮ ነክቶታል። ማንም ሳያውቅ ይለፍ።»

«ካውያ ይበቃል ያለህ ማነው?» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ደወለች። ምንም ሳታለሳልስ፣ ባልፈላ ውሃ የታጠበ አንሶላ እንደላክን ነገረቻቸው። ዘግታ ተነሳች። «ና፣ አብረን እንሂድ» አለችኝ።

የወሊድ ክፍሉ ኃላፊ ኮሪደር ላይ ጠበቀችን። ሠላሳ ሰባቱ ገና አልተፈቱም። ሦስቱ ግን አልጋ ላይ ተነጥፈዋል፤ እናቶች ተኝተውባቸዋል። አንዷ ሆዷ ተቀዶ የወለደች ወጣት ነበረች። አንሶላው እንዲቀየር ቁስሏን እንደያዘች ቀስ አድርገው አስነሷት። ሕፃኑን እኔ እጅ ላይ አኖሩት፤ ሌላ እጁ ባዶ የሆነ ሰው አልነበረም። ክብደት የለውም። ይተነፍስ እንደሆነ ለማየት አጎነበስኩ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች እናቲቱ።

ኃላፊዋ ወደ ሲስተር አየች። ሲስተር ወደ ማንም አላየችም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተንበርክካ የልጅቷን እጅ ያዘች። «አንሶላውን ያጠብነው እኛ ነን፤ በትክክል አላጠብነውም። ምናልባት ምንም አይሆንም። ቁስልሽን ግን ሦስት ቀን በደንብ ያዩታል። እኔም እመጣለሁ።»

«ልጄስ?»

«ልጅሽንም።»

ሦስት ቀን። ሲስተር ጠዋት ጠዋት ሆስፒታል ደርሳ ትመጣለች፤ እኔ በሩ ላይ እጠብቃታለሁ። በመጀመሪያው ቀን «እስካሁን ደህና ናቸው» አለች። በሁለተኛው ቀን፣ «ሕፃኑ ትንሽ አተኩሶታል» አለችኝ። ቤቴ ገብቼ የልጄን ጀሶ ሳይ ምግብ አልወርድ አለኝ። ሚስቴ፣ «ክንድ የተሰበረው የእሷ፣ የምትታመመው አንተ» ብላ ቀለደችብኝ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ፤ ሦስቱም እናቶች ደህና ነበሩ። መጋዘን ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ሆስፒታሉ ግን ምርመራ እስኪያልቅ ለአንድ ወር ሥራ አቆመብን። ሲስተር ሁላችንንም ሰብስባ የሆነውን ሁሉ፣ ከስሜ በቀር፣ ተናገረች። ወሩ እስኪያልፍ ማንም እንደማይባረር፣ ሁሉም እየተፈራረቀ እንደሚገባ፣ እሷም እንደ ሁሉም እንደምትፈራረቅ ነገረችን።

«ማነው የሠራው?» አለ ከኋላ አንድ የካውያ ክፍል ሰው። ሁለት ልጆች ያሉት፣ ገና ቤት የተከራየ ጎልማሳ ነው።

«ይሄ አይነገርም። ተነጋግረናል» አለች ሲስተር።

እሱም ሌሎቹም አፋቸውን ዘጉ። ዓይን ግን አይዘጋም። አንድ በአንድ ወደ ሦስት ቁጥር ማሽን ዞረ፤ ከማሽኑም ወደ ዝምተኛዋ። አንዲት ሴት ከአጠገቧ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ስትል አየሁ። ዝምተኛዋ መሬት መሬት ታያለች። ሲስተር ደነገጠች። ስሜን ላትጠራ ቃል ሰጥታለች፤ የጠበቀችው ቃል ደግሞ ዓይኗ እያየ ጥፋቱን ሌላ ሰው ላይ ሊጥል ነው። ወደ እኔ አላየችም። ብታየኝ ኖሮ ያውቁብኝ ነበር።

አሥራ አራት ዓመት «ጋሼ» ያሉኝ ሰዎች ናቸው። «እኔ ነኝ» አልኩ፤ ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «ሽቦ ያሰርኩት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አታውቅም።»

ዝምተኛዋ ቀና አለች። «አውቅ ነበር» አለች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

«ክዳኑ ክፍት ነበር፤ ሽቦውን አይቻለሁ። ጋሼ ልጁ ወድቃበት ሲሮጥ አይቼ እንዴት እናገርበታለሁ ብዬ ነው።»

ሲስተር ቀስ ብላ፣ «ሌላ ሽቦውን ያየ አለ?» አለች።

መጀመሪያ ሬዲዮ እጇን አነሳች። ቀጥሎ አንሶላ የሚያጥፉት ሁለቱ እህትማማቾች። ቀጥሎ አንሶላውን መኪና ላይ የጫነው ሰውዬ። ሬዲዮ፣ ወሬ የማታሳድረዋ ሬዲዮ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «የተናገረ ሰው ስሙ አይወጣም ብለሽ እንደነበር እናውቃለን» አለች ለሲስተር፣ «ዝም ያልነው ግን እሱ አንቺ ፊት እንዳያፍር ብለን ነው። በዚያ ላይ ልጁ ታማበት!»

አምስት ሰው ወዶኝ ዝም ብሏል። ያን ጊዜ ቢያባርሩኝ፣ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። እጃቸውን እንዳነሱ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ዝም ያለውን ሰው የምትፈራው ሲስተር ግን «አውርዱ» ማለት አቃታት።