ቆጮ ጉድጓድ የገባው ኮት

ሆሳዕና ዳር፣ ወደ ሌሞ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጣቢታ ጋር አጥር ለአጥር ተጎራብተን ብዙ ዘመን ኖረናል። በጃንሆይ ዘመን በሰፈራችን ከተባይ ጋር እንደ እሷ የተጣላ ሰው አልነበረም። በጋው ገብቶ አቧራው ሲነሣ ቁንጫውም አብሮ ይነሣል። እኛ እያከክን እንተኛለን፤ እሷ ግን አልጋዋን ደጅ አውጥታ የፈላ ውኃ ታፈስበታለች፣ ወለሉን አመድ ትነሰንስበታለች፣ የዘር እህሉን ነቀዝ እንዳይነካው ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ታንጠለጥላለች። "ቁንጫው የሚያድረው አንቺ ቤት ነው፤ እኔ ዘንድ ለምሳ ብቻ ነው የሚመጣው" ትለኝ ነበር። ያናድደኛል፤ ግን እውነቷን ነው።

ባሏ ሞቶባት አንድ ልጇን ብዙነህን ያሳደገችው እንሰት እየፋቀች ነው። ልጁ አስተማሪ ሆነና ከአዲስ አበባ የሱፍ ኮት ገዝቶ መጣ። ለዚያ ቤት የመጀመሪያው ኮት ነበር። በዚያው ሰሞን ውቢት ለምትባል ልጅ ሽማግሌ ላከ። አባቷ አቶ ጥሩሰው፣ የሆመቾ ገበሬ፣ "ቤታችሁን ሳላይ እሺም እምቢም አልልም" አሉ። በየካቲት እንደሚመጡም ተናገሩ።

ጣቢታ እንቅልፍ አጣች። እስከዚያ ኮቱን ብል ቢበላውስ? ሣጥኑን አላመነችውም። ምን ብታስብ ጥሩ ነው? ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ዓመታት ሲቆይ ተባይ አይደፍረውም፤ ታዲያ ቆጮ ያኖረ ጉድጓድ ኮት ለምን አያኖርም? ልጁ ኮቱን ለዚያ ቀን ቤት ትቶ ወደሚያስተምርበት ሲመለስ፣ ቆጮው ወጥቶ ያለቀ አንድ ጉድጓድ አጸዳችና ኮቱን በቅጠል ጠቅልላ ቀበረችው። ድንጋይም ጫነችበት። እኔን እንኳ አላማከረችኝም።

እንግዳው በሚመጡበት እሑድ፣ ከጸሎት ቤት እንደተመለስን ኮቱ ወጣ። አንዲት ቀዳዳ የለችውም። ሽታው ግን! አጥሩን ተሻግሮ እኔ ቤት ድረስ መጣ።

"እማዬ፣ ምን አደረግሽኝ?" አለ ብዙነህ።

"ብል ነካው? አልነካውም! ነፋስ ላይ ትንሽ ብናሰጣው..."

ሳትጨርስ የአቶ ጥሩሰው የፈረስ ጋሪ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሌላ ኮት ከየት ይምጣ? ለበሰው።

እኔ በመስተንግዶው ላግዝ ገብቼ ስለነበር ሁሉንም አይቻለሁ። አቶ ጥሩሰው ከብዙነህ አጠገብ ተቀመጡ። አሸተቱ፤ ደግመው አሸተቱ። በቃ፣ ውቢት አመለጠችን አልኩ በልቤ።

"ወይዘሮ ጣቢታ፣ ይሄ የከረመ ቆጮ ነው" አሉ፣ ፊታቸው ፈክቶ። "የስንት ዓመት ነው?"

እኛ አገር የከረመ ቆጮ ያለው ቤት የጠገበ ቤት ነው። የአምስት ዓመት ብትላቸው ነገሩ አለቀ። ጣቢታ ግን መዋሸት አይሆንላትም።

"ቆጮው አይደለም፤ ኮቱ ነው" አለች መሬት መሬት እያየች። "ብል እንዳይበላብኝ ጉድጓድ ቀብሬው ነበር።"

አቶ ጥሩሰው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ጠረጉና፣ "እኔ የመጣሁት ልጄ እዚህ ቤት ማን ያስብላታል ብዬ ነው" አሉ። "ለኮት እንዲህ የተጨነቀች ሴት ለልጄማ እንዴት ትሆን! ሰጥቻችኋለሁ።"

ብዙነህ ዘሎ እናቱን አቀፋት። ጣቢታ እያለቀሰች፣ በአንድ እጇ አፍንጫዋን ይዛ፣ "መጀመሪያ ኮቱን አውልቀው" አለችው።