የተንቀጠቀጠው እጅ

ትናንት የልጅ ልጄ የስፌት መኪናዬን ዘይት ስትቀባልኝ ሽታው አፍንጫዬን ሞላው፤ ክሩን ከመርፌው ፊት እንደያዝኩ ቀረሁ። ልቤ ብድግ ብሎ አምቦ ሄደ፣ ወደዚያ የቆርቆሮ አዳራሽ፣ ዘይትና አዲስ ካኪ ባንድ ላይ ወደሚሸትበት።

ዘመኑ የደርግ ነው። ወጣቱ ሙያ ይማር ተብሎ ልብስ ስፌት ገባን። መኪናዎቹ በእጅ የሚዞሩ ነበሩ፤ ሰልጣኙ ብዙ፣ መኪናው ጥቂት ስለሆነ ለሁለት አንድ ደረሰን። አንዱ ይዘውራል፣ ሌላው ጨርቁን ይመራል። ለእኔ የደረሰኝ ከጌዶ ከተማ የመጣ ልጅ ነበር። እናቱ አረቄ እያወጣች ነው ያሳደገችው፤ እሱም ጠዋት ጠዋት አንድ መለኪያ ሳይቀምስ አይመጣም። ጎኑ ስቀመጥ ይሸተኛል። እጁ ግን ልዩ ነበር። እሱ የመራው ስፌት በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው።

አንድ ቀን ጤና ረዳት መጣልን። የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ነው ይባላል፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር። ስለ መጠጥ ሊያስተምረን ነው። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ እጅ ሳለና፣ «ጠጪን በምን ታውቁታላችሁ? እጁ ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ሱሪ አይሰፋም» አለ። እኛ ሳቅን። አሰልጣኛችን አልሳቀም፤ ቃሉን ያዘው።

ወጥተን ስንሄድ የጌዶው ልጅ «ተውኩት» አለኝ።

«ምኑን?»

«መለኪያውን። እጄንማ አላጣም።»

በማግስቱ አልሸተተኝም። ደስ አለኝ። ከዚያ ነው ጉዱ የመጣው። ያ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ክር አያስገባ፣ መቀስ አይዝ። ግንባሩ በላብ ይጠመቃል፣ ጥርሱ የጀልዱ ደጋ ብርድ እንዳገኘው ሰው ይንገጫገጫል። ጨርቅ ሲመራ ስፌቱ እባብ ሆነ። ቦታ ተቀያየርን፤ እሱ ዘወረ፣ እኔ መራሁ።

«ስትጠጣ ያልተንቀጠቀጠ እጅ፣ ስትተወው ምን ሆነ?» አልኩት።

«እኔስ መች ገባኝ? ጤና ረዳቱን ጠይቂው።»

ጤና ረዳቱን ግን ሥራው ካቺሲ ወደሚባል ሌላ ከተማ ወስዶታል። መጠጥ የለመደ ገላ በድንገት ሲከለከል እንደሚንቀጠቀጥ፣ ሐኪም ሳያየው መተውም አደጋ እንዳለው የነገረችኝ ጎረቤቴ ነርሷ ናት፤ እሱንም ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ። ያኔ ማን ይንገረን? እኔማ የሰው ዓይን የበላው መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ሂስና ግለ ሂስ ነበረን። እናንተ አልደረሳችሁበትም። ሰው ይነሳል፣ ጥፋቱን በገዛ አፉ ይናገራል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይቀመጣል። ያመነ ይታለፋል፤ የካደ ይባረራል። አሰልጣኙ ተነሳና፣ «ጓዶች፣ ከመካከላችን አንዱ ያ ሁሉ ትምህርት ተሰጥቶት ጠጥቶ ይመጣል። እጁን እዩት» አለ። ሁላችንም አየን። ልጁ እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ።

«ሂን ዱግኔ» አለ፤ አልጠጣሁም ማለቱ ነው።

«በአማርኛ ተናገር፣ ጓድ።»

«አልጠጣሁም።»

«ታዲያ የሚንቀጠቀጠው የአጎትህ እጅ ነው?» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ።

እኔ ተነሳሁ። «ጎኑ የምቀመጥ እኔ ነኝ። አይሸትም» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ አፍንጫሽን ለአብዮቱ አስመዝግቢው» ተባልኩ። በሳቁ መሃል ተቀመጥኩ።

አሰልጣኙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ይወደው ነበር። ጠጋ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ብታምን እዚሁ ትቀራለህ። ብትክድ ነገ ጌዶ ነህ» አለው። ጌዶ ማለት ደግሞ የእናቱ የአረቄ ማሰሮ ማለት ነው። ልጁ ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ቋ ቋ ይል ነበር።

«ጠጥቻለሁ» አለ።

ተጨበጨበለት። የእኔ እጆች ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግራ ገብቷቸው ጭኔ ላይ ቀሩ።

ስንወጣ «ላልጠጣሁት እንዲህ ካጨበጨቡልኝ፣ የጠጣሁ ዕለትማ ድግስ ይደግሱልኛል» አለኝ። ሊስቅ ሞክሮ ነበር።

ከመጨረሻው ፈተና በፊት እረፍት ተሰጠንና ሁላችንም ወደየቤታችን ሄድን። እሱም ጌዶ ሄደ፣ ከሸሸው ማሰሮ ዘንድ።

የፈተናው ለት በጭነት መኪና መጣ፤ ፀጉሩ አቧራ ለብሷል። የዚያን ቀን ለየብቻ ነበር የምንሰፋው። አንድ ካኪ ሱሪ ሰፍቶ ያለፈ ሥራ ይመደባል፣ የወደቀ ቤቱ ይገባል። ከአጠገቤ ተቀመጠና ጨርቁን ዘረጋ። እጁ ጸጥ ብሏል፤ ልክ እንደ ድሮው።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ግራ ገባኝ። ገላው ድኖ ነው? ወይስ እናቱ አንጀቷ አልችል ብሎ አንድ መለኪያ ቀድታለት? የዳነም እጅ አይንቀጠቀጥ፣ የጠጣም እጅ አይንቀጠቀጥ፤ ሰው በምን ይለየዋል? ይህን ሳስብ ለካ መንቀጥቀጡ ወደ እኔ ዞሯል፤ ክሩ የመርፌውን ቀዳዳ እየሳተ አስቸገረኝ።

ልጁ ጎንበስ ብሎ ክሩን ከጣቴ ወሰደና በአንድ ጊዜ አስገባው።

«አንቺ ደግሞ ጠጥተሽ መጣሽ?» አለኝ በሹክሹክታ።

አፉ ከፊቴ ቅርብ ነበር። አየሩን አንዴ ብስበው ኖሮ እርግጡን አውቅ ነበር። ትንፋሼን ያዝኩ፣ ቀና እስኪል ድረስ።

ሁለታችንም አለፍን። እሱን ነቀምቴ መደቡት፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኔ አላየውም።

አሁን እጄ በእርጅና ነው የሚንቀጠቀጠው። የልጅ ልጄ «እማማ፣ ስጪኝ ላስገባልሽ» ብላ ፊቷን ስታስጠጋልኝ፣ ዛሬም ትንፋሼን እይዛለሁ።