ከሕይወት ታሪካቸው የተሰረዘችው አንቀጽ

ባለፈው ክረምት የሰፈራችን ጡረተኛ ጤና ረዳት ሲያርፉ፣ በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ልጆቻቸው ለመኑኝ። የትምህርት ቤት ደጅ ባልረግጥም፣ ከልጆቼ ደብተር ፊደል ለቅሜ የየካ ዳገት ጸሐፊ ሆኛለሁ።

ትውልዳቸውንና ሥራቸውን ቶሎ ጨረስኩና ወደ ዋናው ነገር ገባሁ። ሰውዬው የማዞር በሽታ ያድኑ ነበር። መድኃኒት የለ፣ መርፌ የለ! ጭንቅላትሽን ወደ ጎን አዙረው በጀርባሽ ያጋድሙሻል፤ አንገትሽ ከአልጋው ጫፍ ወረድ ሲል ዐይን ዐይንሽን ያያሉ። «በውስጠኛው ጆሮ ደቃቅ ጠጠር አለ፤ ከቦታው ሲንሸራተት ነው ዓለም የሚዞርብሽ» ይሉ ነበር። ከዚያ ቀስ እያሉ ያገላብጡሻል፤ ጠጠሩ ይመለሳል፣ ዓለምም ይቆማል። የበሽተኛ ዐይን ሲንቀጠቀጥ ለዓመታት እያዩ፣ እየጻፉ ነው የደረሱበት። ዛሬ ሐኪሞች የሚሠሩትን እሳቸው በዚያች ጭቃ ቤታቸው፣ ማንም ሳያስተምራቸው ይሠሩት ነበር።

ታላቅ ልጃቸው አነበበና ያንን አንቀጽ በሙሉ ሰረዘው።

«ምን ማድረግህ ነው?»

«እትዬ፣ ይቅርብን። ዐይን የሚያንቀጠቅጥ ጠንቋይ ሲባሉ ነው የኖሩት። በቀብራቸው ዕለት እንኳ ሳይታሙ ይሂዱ።»

«ያዳኗቸው ሰዎች አሉ አይደል? ይመስክሩላቸዋ!»

«አንድ ሰው ያምጡልኝ፤ እመልሰዋለሁ።»

ቀበና ወረድኩ። እዚያ ያለችው ባለሱቅ በሰው ትከሻ እሳቸው ቤት መጥታ በእግሯ የተመለሰች ናት። «ኧረ በእመብርሃን! ባሌ ሳያውቅ ነው የሄድኩት» ብላኝ ስኳሯን መመዘን ቀጠለች። እየተናደድኩ ደግሞ የእንጦጦን ዳገት ወጣሁ። እዚያ ያሉት፣ በእሳቸው እጅ የዳኑት ቄስ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ሰው በጠበል እያጠመቅሁ፣ እኔን ያዳነኝ ጠጠር መመለስ ነው ልበል?»

እያለከለክሁ ተመለስኩ። «ማንንም አላመጣሁም። ግን እኔ ራሴ አለሁ! ግድግዳ ይዤ ስሄድ ያቆሙኝ እሳቸው ናቸው።»

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። «እርስዎማ የእንጦጦ ጠበል አዳነኝ ብለው በማኅበር ላይ እልል አስብለው የለ? አባዬም ሰምተው ነበር። ‹ዋናው መዳኗ ነው› አሉ።»

ጠንቋይ ቤት ሄደች እንዳልባል ነበር እንዲያ ያልኩት።

በነጋታው ወረቀቱ ተነበበ። «በመንግሥት ሥራ በታማኝነት አገልግለው በጡረታ ተገለሉ» አለ አንባቢው፤ አበቃ። ስንቶቻችን እሳቸው ባቆሙን እግር ነበር መቃብራቸው ዙሪያ የቆምነው! አንዳችንም አልተነፈስንም። ከኋላዬ የቆመችውን ባለሱቅ ልቆጣት ዞር አልኩ። ግን በየትኛው አፌ?