ካሜራው ወደ ልጆቹ ሲዞር

ነገሌ ቦረና የመምህራን ሥልጠና አስተባባሪ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ሱፐርቫይዘሬ አቶ ገልገሎ አንድ ካርቶን ታብሌት ፊቴ አስቀመጡ። «ሥራሽ ይሄ ነው» አሉኝ።

ቅይጥ ሥልጠና ለማስረዳት ቀላል ነው። መምህሩ ትምህርቱን በየትምህርት ቤቱ ከታብሌት ያነባል። ሲያስተምር በቪዲዮ ይቀረጻል። ቅዳሜ ነገሌ ተሰብስበን ቪዲዮውን አይተን እንወያያለን። ኔትወርኩ ስለማያስተማምን ንባቡን ሁሉ አስቀድሜ እጭንላቸው ነበር።

ንባቡ ሠመረ፤ ውይይቱ ግን አልሆነም። ቪዲዮው ሲያልቅ አንዱ «በጣም ጥሩ ነው» ይላል፤ ሌላው «የምጨምረው የለኝም» ይላል። በእኛ አካባቢ ታላቅን በሰው ፊት ማረም ነውር ነው።

አቶ ገልገሎ አንድ ቅዳሜ ከኋላ ተቀምጠው አዩን። «ይሄ ሥልጠና ነው ወይስ ምርቃት? እንዲህ ከቀጠላችሁ ታብሌቶቹ ለሻኪሶ መምህራን ይሄዳሉ» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ራቅ ባሉት ትምህርት ቤቶች ያሉ መምህራን ለሙያቸው የሚያነቡት ሌላ ነገር አልነበራቸውም።

በዚያው ሳምንት የሒሳብ መምህሩን ጋሽ ጃተኒን ልቀርጽ ወደራ ወረዳ ሄድኩ። ከሠልጣኞቹ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣሉ። «አካም፣ ናጋ?» ብለው ተቀበሉኝ፤ ስልኬን ይዤ ከተማሪዎቹ ኋላ ስቆም ግን ኮስተር አሉ።

«ወደ ሰሌዳው ስዞር ከኋላዬ ልትቀርጪኝ ነው?»

«ጽሑፉ እንዲታይ ብዬ ነው፣ ጋሽዬ።»

«የሚታየው ጽሑፉ ሳይሆን መላጣዬ ነው! ልጆቹን ቅረጪ፤ እነሱ ፀጉር አላቸው።»

እየሳቅኩ ሰሌዳው አጠገብ ቆምኩና ስልኩን ወደ ተማሪዎቹ አዞርኩ።

ቅዳሜ ቪዲዮው ሲከፈት የጋሽ ጃተኒ ድምፅ እንጂ መልካቸው የለም። ሊያሞግሱ የተዘጋጁት ሁሉ የሚያሞግሱትን አጡ።

«ያቺ ቢጫ ሻሽ ያደረገችው እጇን አወረደች እንዴ?» አለች አንዷ መምህርት።

«ስታነሳ ስታነሳ ደከማት እኮ!» አለ አጠገቧ ያለው።

ሁሉም ማውራት ጀመረ። በመስኮት ስለሚያየው ልጅ፣ ከጎኑ ካለው ልጅ ስለሚገለብጠው፣ ስለ ባለ ሻሿ። ጋሽ ጃተኒን የነካቸው የለም። እሳቸው ግን ታብሌቱን ወደ ራሳቸው አስጠጉ።

«ሎኮ ናት። ዝምተኛ ትመስለኝ ነበር» አሉ። «እስቲ ወደ ኋላ መልሺው።»

መለስኩት። አጎንብሰው አዩት።

«ሰኞ መጀመሪያ የምጠይቀው እሷን ነው።»

ያን ቅዳሜም ከኋላ ተቀምጠው ሲያዩን የነበሩት አቶ ገልገሎ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ። «የሚቀጥለው ቅዳሜ የማን ክፍል ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ታብሌቶቹ ነገሌ ቀሩ።

አሁን ለአዲስ አስተባባሪዎች የምነግረው ይህን ነው፦ ንባቡን ለታብሌቱ ተዉት፣ ውይይቱን በአካል አድርጉት፣ ስትቀርጹ ተማሪዎቹን ቅረጹ።