ለአባዬ የተቀዳው ድምፅ

ሰፈሩ ታይፒስቷ ይላታል። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ ያ ስትቀጠቅጠው የኖረችው የጽሕፈት መኪናም የት እንደወደቀ እንጃ፤ ስሙ ግን ከላይዋ አልወረደም። ባሏን ደግሞ ሾፌሩ ይሉታል። እሱም የከተማ አውቶቡሱን ቁልፍ ካስረከበ ከርሟል። ዛሬ የሚነዳው ነገር ቢኖር የቴሌቪዥኑን ሪሞት ነው፤ እሱንም ቢሆን እሷ ስትፈቅድለት።

እንዲህ እየተቀላለዱ የሚኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ነበሩ ነው የምለው። ትልቋ ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ሳቅ የሚባል ነገር ከዚያ ቤት ወጥቷል። ምሳ ይቀርባል፣ ይበላል፣ ሳህን ይታጠባል፣ አለቀ።

ትልቋን ሕመሙ ከቤቷ ርቃ በምትሠራበት ከተማ ነው የጀመራት። እዚያው ሆስፒታል ተኛች፤ አባትና እናት እየተፈራረቁ፣ በኋላም አብረው አስታመሟት። ሾፌሩ ልጁን ይወዳል ስል እንዲሁ አባት ልጁን ይወዳል እንደሚባለው አይደለም፤ እሷ ስታስል እሱን ደረቱን ያመዋል። ታዲያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ትንፋሽ ሲያጥራት አየና አልቻለም። «ትንሽ ነፋስ ልቀበል» ብሎ ወጣ። እግሩ ወደ መናኸሪያ ወሰደው፤ አውቶቡስ ተሳፈረ፤ ቤቱ ገብቶ ከነጫማው አልጋው ላይ ተዘረረ። ትልቋ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እያለች «አባዬስ?» ትላለች። እናቷ «መንገድ ላይ ነው፣ ደረሰ» ትላታለች። ሰውየው ራሱን ረግሞ፣ ልብሱን ለውጦ፣ ሊመለስ ከቤት ሲወጣ ስልኩ ጮኸ። መርዶው ቀደመው።

ከዚያች ሰዓት በፊት፣ አባቷ ከወጣ በኋላ ግን ትልቋ አንድ ነገር አድርጋ ነበር። እናቷንና ወንድሟን «እስቲ አንድ አፍታ ውጡልኝ» ብላ ከክፍሉ አስወጣችና በስልኳ ድምፅ ቀዳች። ሦስት ቅጂ። አንዱን «ለእማዬ»፣ አንዱን «ለትንሹ»፣ አንዱን «ለአባዬ» ብላ ሰየመቻቸው።

ትንሹ የሚሉት ወንድሟን ነው። ስሙ ትንሹ ይሁን እንጂ ጢሙን ያበቀለ፣ ሌላ ከተማ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ነው። ከቀብሩ በኋላ ሦስቱንም ቅጂ ከስልኳ ገልብጦ ሳሎን ጥግ ባለው ኮምፒዩተር ውስጥ አንድ ፎልደር ከፍቶ አስቀመጠ። የራሱን ወደ ስልኩ ወሰደ። እናትየው የራሷን ሰማች፣ ደግማ ሰማች፣ እስክትሸመድደው ሰማች። የአባትየውን ማንም አልነካም።

ሾፌሩም አልሰማውም። «እሰማዋለሁ» ይላል፤ «አሁን ግን አይደለም።» አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሚስቱ ልብስ ስታጣጥፍ፣ ሳይጠየቅ ተናገረው፦ «ለምን ጥለኸኝ ሄድክ ብላኝ ቢሆንስ?» አለ። እሷ አንሶላውን በአንድ ጫፍ አስያዘችውና አብረው አጠፉት።

እሷስ ልትሰማው አትችልም ነበር? ትችል ነበር። ግን ታይፒስቷ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ምስጢር በእጇ ሲያልፍ ኖሯል፤ «በጥብቅ ምስጢር የሚያዝ» የተባለውን ጣቷ ይጽፈዋል እንጂ ዓይኗ አያነበውም። በእሷ ስም ያልመጣ ፖስታ ከፍታ አታውቅም። ለአባዬ ከተባለ የአባዬ ነው፤ በቃ።

ከዚያ የትልቋ ስልክ አልበራ አለ። ወዲያው ደግሞ ኮምፒዩተሩ እንደ ወፍጮ ቤት መጮኽ ጀመረ። ትንሹ በስልክ የማሽኑን ጩኸት ሲሰማ ደነገጠ።

«እማዬ፣ ይኼ ነገር አንድ ቀን ጉድ ይሠራናል። ድምፆቹን ክላውድ ላይ እናውጣቸው።»

«ክላውድ ደግሞ ምንድነው?»

«ፋይልሽን ሌላ ቦታ፣ ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚያስቀምጥልሽ ነው። ይኼኛው ቢቃጠል እንኳ እዚያ አለ።»

«የማን ቦታ ነው? እናውቃቸዋለን?»

«እማዬ፣ ሙች፣ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ነው።»

በማግሥቱ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ፣ መነጽሯን አጥልቃ፣ እንደ ድሮዋ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ተቀመጠች። ትንሹ ይናገራል፤ እሷ ትሠራለች። ድረ ገጹን ክፈቺ፤ ከፈተች። አውርጂ የሚለውን ንኪ፤ ነካች። የወረደውን ሁለቴ ጠቅ አድርጊ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ተጣሉ። ኪቦርድ ላይ ጣቶቿ እንደ ዝናብ ናቸው፤ ማውሱን ግን እንደ ሸሚዝ መተኮሻ ነው የምትገፋው።

«ቀስ በይ እንጂ!»

«አንተ ቀስ በል! እኔ አንተን ሳልወልድ ነው መጻፍ የጀመርኩት።»

ሾፌሩ ሶፋው ላይ ሆኖ «ክላውድ ማለት ደመና አይደል እንዴ? ኋላ ዘንቦ ቢመጣብንስ» አለ። ስንት ጊዜው ከቀለደ! ስልኩ ውስጥ ትንሹ ሳቀ፤ እሷም ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ ፈገግታዋን ደበቀች። ኢሜይሏን አስገባች፣ የይለፍ ቃል ፈጠረች፣ በስልኳ የመጣላትን ቁጥር ጻፈች። ፕሮግራሙ «ከዚህ ኮምፒዩተር የትኛው ፎልደር ይቀመጥልዎ?» ማለቱን ትንሹ ሲነግራት የትልቋን መረጠች። ሰማያዊ ምልክት መሽከርከር ጀመረ፤ ሦስቱም ዓይናቸውን ተከሉበት፣ ትንሹም ሳያየው። ሲያበቃ ከፎልደሩ ጎን አረንጓዴ ምልክት ወጣ።

«አረንጓዴ ሆነ?»

«ሆነ።»

«እንግዲያው እፎይ በይ። ከእንግዲህ አይጠፋም።»

እፎይ አለች። እውነቷን ነው፤ ያን ቀን ከልጇ ሞት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት።

አሁን የሚመጣውን ባልናገረው ደስ ባለኝ። ታይፒስቷ መሥሪያ ቤት ሳለች አንድ ሕግ ነበራት፦ አንድ ጉዳይ፣ አንድ ወረቀት። ንጹሑ ጽሑፍ ተፈርሞ ፋይል ከገባ ረቂቁ ይቀደዳል። ድሮ አንዲት ባልደረባዋ ረቂቁን ሳትቀድ ቀርታ፣ የተሳሳተው ደብዳቤ ወጥቶ ሄዶ፣ ቢሮው ሲታመስ አይታለች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቦታ የተቀመጠ አንድ ነገር ስታይ ይከነክናታል። ቤቷም እንደዚያው ነው። ሁለት ጨው ማስቀመጫ አታገኙባትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኮምፒዩተሩን ከፍታ ወደ ክላውዱ ድረ ገጽ ገባች። የትልቋ ፎልደር አለ፤ ሦስቱም ድምፆች አሉ። ተመስገን አለች። ዘጋችውና ወደ ኮምፒዩተሩ ስትመለስ ያው ፎልደር እዚያም ተቀምጧል። አሃ፣ አለች በልቧ፤ ንጹሑ ፋይል ገብቷል፣ ረቂቁ ቀርቷል። ደግሞስ ይኼ እንደ ወፍጮ የሚጮኸው ማሽን መጫን የለበትም። ፎልደሩን አጠፋችው። በባዕድ ቋንቋ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። ያን ቋንቋ ዕድሜዋን ሙሉ ጽፋዋለች፤ ፊደል በፊደል፣ ያለ አንድ ስሕተት፣ ትርጉሙን ሳታውቀው። «እሺ» የሚለውን ነካች። ቆሻሻ የሞላ ቅርጫት አይታ የማታልፍ ሴት ስለሆነች የኮምፒዩተሩንም ቅርጫት ባዶ አደረገችው። ስክሪኑን በጨርቅ ወልውላ፣ ሽፋኑን አልብሳ፣ ሽንኩርቷን ልትልጥ ሄደች። ትንሹም ነገሩ እንደ መስታወት መሆኑን፣ እዚህ የጠፋ እዚያም እንደሚጠፋ አልነገራት። እሱ መቼ መሰለው!

ሳምንታት አለፉ። ማንም አልከፈተውም።

ከዚያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሾፌሩ ጸጉሩን ተቆርጦ፣ ተላጭቶ መጣ። ጓዳ ገባና ኮቱን ለብሶ ወጣ። ለሠርግና ለለቅሶ ካልሆነ የማይለብሰውን ኮት። ታይፒስቷ ቀና ብላ አየችው።

«ምነው፣ የት ልትሄድ ነው?»

«የትም» አለ። «ዛሬ ልሰማት ነው።»

እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወንበሩን አስተካከለችለት፤ የጆሮ ማዳመጫውን ፈታታችለት። እሱ ጉልበቶቹን ገጥሞ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሐኪም ፊት እንዳለ ሰው ተቀመጠ። እሷ ወደ ክላውዱ ገባች።

ፎልደሩ የለም።

የተሳሳተ ገጽ የከፈተች መሰላት። ወጥታ ገባች። የለም። ቅርጫቱን አየች፤ ባዶ። ሾፌሩ የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቆ እየጠበቀ ነው፤ «ጀመረ እንዴ? አልሰማም እኮ» ይላል ጮክ ብሎ።

ስልክ ተደወለ። ትንሹ መጀመሪያ አልተጨነቀም፤ «አይዞሽ፣ አለ፣ የሆነ ቦታ ገብቶ ነው» አለ። ከዚያ ምን እንዳደረገች ጠየቃት። ነገረችው።

«መቼ ነው ያጠፋሽው?»

«እንደጫንነው ሰሞን።»

«እማዬ…» አለ። «ክላውዱ የተሰረዘ ነገር ለተወሰነ ሳምንት ብቻ ነው የሚያቆየው። ያ አልፏል። የኔ ጥፋት ነው፣ እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ።»

ጎረቤት ያለው የኮምፒዩተር ጠጋኝ ተጠርቶ መጣ። ማሽኑን ፈታ፣ ገጠመ፣ ፕሮግራም ጭኖ ፈለገ። ማንም የማይፈልጋቸው የድሮ ፎቶዎች መለሰላቸው። «ድምፆቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ሌላ ነገር ተጽፎበታል፣ እናቴ» አለና ዕቃውን ሰብስቦ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ሾፌሩ ይኼ ሁሉ ሲሆን ከዚያች ወንበር አልተነሣም። ኮቱንም አላወለቀም። ታይፒስቷ ፊቱ ቆመች። ይጮኽብኛል ብላ ነበር፤ ቢጮኽባት ደስታዋ ነው።

«ገደልኳት» አለችው። «ሁለተኛ ገደልኳት። እጄ ይቆረጥ!»

«ተይ እንደዚያ አትበዪ» አለ። ከዚያ ቀና አለ፤ ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር በራ። «አንቺ ግን ሰምተሽዋል።»

የጆሮ ማዳመጫውን ሽቦ መጠቅለል ጀመረች።

«ሰምተሽዋል አይደል? እናት አይደለሽ እንዴ! እኔ ሳልኖር አንድ ቀን ከፍተሽ… አልቆጣም እኮ። ብቻ ምን እንዳለች ንገሪኝ።»

መዋሸት ትችል ነበር። «ይቅር ብዬሃለሁ ብላለች» ማለት ምን ይከብዳል? ግን ልጇ ያላለችውን ቃል በልጇ አፍ ማስገባት አልሆነላትም።

«አልሰማሁትም» አለች። «ያንተ ነው ብዬ።»

«አንድ ጊዜ እንኳ?»

«አንድ ጊዜ እንኳ።»

«ምነው በሰማሽው!» አለ ሾፌሩ። «ምነው አንድ ቀን እንኳ ባለጌ በሆንሽ!»

ይኼ ነው የገደላት። በሕይወቷ የተመሰገነችበት ነገር ሁሉ፣ ሥርዓቷ፣ ጨዋነቷ፣ የሰው ነገር አለመንካቷ፣ ተሰብስቦ መጥቶ ደረቷ ላይ ተቀመጠ።

ሾፌሩ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃት። «አጭር ነበር? ተቆጥታ አንድ ሁለት ቃል ብቻ ነው የተናገረችው?»

እሷ አሰበች። ከየድምፁ ጎን ርዝመቱ ተጽፎ ያይ የነበረ ዓይኗ ይኼን አይስትም።

«አይደለም» አለች። «ያንተው ነበር ረጅሙ። የኔና የትንሹ ቢደመር አያክለውም። ደግሞ ስትቆጣ ምን እንደምትሆን ታውቃለህ፤ ታኮርፋለች እንጂ መች አፏን ትከፍታለች!»

«እውነት ነው» አለ፤ «ታኮርፋለች።» ፊቱ ፈታ አለ፤ ያቺ ሰውየውን ስታስጨንቀው የከረመች ነገር የለቀቀችው መሰለ። ሚስቱም ትንፋሿ መለስ አለ።

ከዚያ ሾፌሩ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

«ታዲያ» አለ፣ «ያን ሁሉ ጊዜ፣ በዚያ ትንፋሿ፣ ምን ስትለኝ ነበር?»

ከነኮቱ ኪቦርዱ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ በቀብሯ ዕለት እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም። ታይፒስቷ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።