ሁለት ጠብታ ግሊሰሪን

ባለፈው ቅዳሜ ፀጉር ቤት ተቀምጬ ሳለ ፀጉር አስተካካዩን የውሃ መርጫው አስቸገረው። ሲጫነው አንዴ ይተፋል፣ አንዴ ጭራሽ እምቢ ይላል። በመዳፉ መታ መታ አደረገው። አላስችል አለኝና «አትምታው፤ ጫፉ ላይ የደረቀ ነገር አለ፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከረው» አልኩት። «ጋሼ፣ የዚህም ባለሙያ ነዎት?» ብሎ ሳቀ። «ነኝ» አልኩት። ይህን ሙያ የተማርኩት ጁባ ነው፤ አስተማሪም አልነበረኝም።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አንድ የአገራችን ሰው የከፈተው የግንባታ ድርጅት ፕላን እንድነድፍለት ወሰደኝ። ቢሮአችን ጉዴሌ በሚባል የጁባ ሰፈር የተቀመጠ ኮንቴይነር ነው፤ እኔ የምተኛው ደግሞ ከጀርባው ባለ ሌላ ኮንቴይነር ውስጥ። ወሩ መጋቢት ስለነበር ዝናቡ ገና አልገባም። መኪና ባለፈ ቁጥር ቀዩ አቧራ ይነሳና ምሳዬ ላይ ያርፋል። የሥራ ባልደረቦቼ ከሥራ በኋላ አትላባራ ሰፈር ወደሚገኝ የአገር ልጅ ምግብ ቤት ሲሄዱ እኔ ሥራ አለኝ እያልኩ እቀራለሁ። ሥራ አልነበረኝም። ሰው መሃል ሆኜ ብቸኝነት ከሚሰማኝ ለብቻዬ ብቀመጥ ይሻላል የሚል ፍልስፍና ነበረኝ። በዚያ ዕድሜ ሰው ኩርፊያውን ፍልስፍና ይለዋል።

በየእሁዱ እናቴ ጋ እደውላለሁ። ኔትወርኩ እስኪቆረጥ ድረስ «ደህና ነኝ» እላታለሁ፤ ከዚያ ይቆረጣል። እውነቱን ለመናገር መቆረጡን እወደው ነበር። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ድምፄ ያሳብቅብኝ ነበር።

ከደንበኞቻችን አንዱ አቶ ቾል የሚባሉ፣ ጋምቤላ ያደጉና ሰላም ሲሆን ወደ ጁባ የተመለሱ፣ የኮንቴይነራችንን በር ጎንበስ ብለው የሚገቡ ረጅም ሰው ነበሩ። ለእናታቸው እዚያው ጉዴሌ ቤት ሊሠሩ አስበዋል፤ እናትየው ግን ከጋምቤላ አልነቃነቅም ብለዋል። ፕላኑን ወስደው ቢያሳዩአቸው አገላብጠው አይተው መለሱላቸው።

«በወረቀት አልሄድም አለች» አሉን አቶ ቾል። «ስንት ጊዜ ወረቀት ይዛ ከቦታ ቦታ ሄዳለች፤ አንዱም ቤት አልሆናትም። በእጇ የምትይዘው ነገር ስጡኝ። ዓርብ እበራለሁ። ይሄንንም እምቢ ካለች ሁለተኛ አልጠይቃትም።»

ስለዚህ ከፕላስቲክ ቆርጬ በክንድ የምትታቀፍ ትንሽ ቤት ሠራሁ። ግድግዳዋ ነጭ፣ በሯና መስኮቶቿ ውሃ ሰማያዊ እንዲሆኑ ታዘዘ፤ ሰማያዊው የእናትየው የጋምቤላ ቤት በር ቀለም ነው። አለቃችን ከናይሮቢ ኤርብረሽ አምጥቶ ነበር። እስክሪብቶ የምታህል የቀለም መርጫ ናት፤ ላይዋ ላይ ትንሽ የቀለም ኩባያ አላት፤ በቀጭን ቱቦ አየር ከሚነፋላት ኮምፕረሰር ጋር ትያያዛለች። «ማን ይችልበታል?» ሲል እጄን አወጣሁ። ያደግኩት አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ነው። መኪና ሲቀባ እያየሁ ያደግኩ ሰው ይህቺን መጫወቻ ልፈራት?

የአጎቴ ጋራዥ የመጀመሪያ ሕግ ቀለም አጠገብ ውሃ አይደርስም የሚል ነው። አንድ ጠብታ ከገባ ቀለሙ ፊኛ ያወጣል፤ ተፍቆ እንደገና ይቀባል፤ ያን ቀን አጎቴን ማናገር አይቻልም። የዚህኛው አክሪሊክ ቀለም ጠርሙስ ግን በውሃ ይቅጠን ይላል። አነበብኩት። ፋብሪካው ተሳስቷል አልኩና ቲነር ጨመርኩ። ቀለሙ ዓይኔ እያየ እንደ አይብ ተቋጠረ። መርጫዋን ፈታትቼ፣ ቀለሙ የሚወጣባትን ቀጭን መርፌ አውጥቼ፣ የተቋጠረውን ስጠርግ ሰኞ አለቀ።

ማክሰኞ እያፈርኩ ውሃ ጨመርኩ። ባዶ የውሃ ጠርሙስ ላይ ስሞክረው አማረ። ለሁለት ደቂቃ። ከዚያ ተንጠባጠበ፣ ተፋ፣ ቆመ። መርፌዋ ጫፍ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል የደረቀች ቀለም ተቀምጣለች። በእርጥብ ጥጥ ጠረግኳት፤ ሌላ ሁለት ደቂቃ ሠራች። ጋራዥ ውስጥ መርጫ ሲደፈን አየሩን ይጨምሩለታል፤ እኔም ጨመርኩ። ባሰበት። ቀለሙ ገና ሳያርፍ አየር ላይ እየደረቀ ግድግዳዋን እንደ ብርጭቆ ወረቀት አሻከረው። ውሃውን ሳበዛ ደግሞ እየተዥጎረጎረ ወረደ። አጥቤ እንደገና፣ ፍቄ እንደገና። ረቡዕም እንዲሁ አለፈ።

በመሃሉ ከመርጫዋ ጋር ማውራት ጀምሬ ነበር። «ምን ሆነሻል?» እላታለሁ። በዚያ ሳምንት ከማንም ጋር ያን ያህል አላወራሁም።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ቾል መጡ። ያልተቀባውን በር አዩ። ሊሰናበቱኝ እጄን ጨበጡና አልለቅ አሉ። መዳፌን ገልብጠው አዩት። በቲነር ብዛት ተሰነጣጥቋል።

«ምንድነው ይሄ? እናት የለህም እንዴ?»

«አለችኝ፤ አዲስ አበባ ናት።»

«ታውቃለች?»

«ምኑን?»

«ማሌሽ» አሉ በጁባ ዓረብኛቸው፣ ተወው ለማለት፤ እጄን ለቀው ወጡ።

ሻንጣዬን ከፈትኩ። እናቴ ስትሸኘኝ «ፀሐዩ ፊትህን እንዳይሰነጥቀው» ብላ የወሸቀችው የግሊሰሪን ጠርሙስ ክዳኑ እንኳ አልተነካም። እጄን ቀባሁና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላም እጄ እርጥብ ነበር። የጨመርኩት ውሃ ሁሉ በደቂቃ በሚጠፋበት ሙቀት ውስጥ እጄ አልደረቀም። መርፌዋን አየሁ፣ እጄን አየሁ። ኩባያዋ ውስጥ ሁለት ጠብታ ግሊሰሪን ጣልኩ፤ ቀለሙን ወተት እስኪመስል አቀጠንኩት፤ የጋራዡን ትምህርት ትቼ አየሩን ቀነስኩ፤ መርጫዋንም ወደ ቤቲቱ አስጠጋሁ።

ፈሰሰ። በሩን ጨረስኩ፣ መስኮቶቹን ጨረስኩ፣ አንድም ጊዜ አልተፋችም። ለማን ልንገር ብዬ ዞር ስል ከኮምፕረሰሩ በቀር ማንም የለም። ሲበላሽብኝ በሰነበተው ጊዜ እንኳ ብቸኝነቱ እንደዚያ ቀን አልከበደኝም። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አቶ ቾል ዓርብ ቤቲቱን አቅፈው በረሩ። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ። «በሩን በጣቷ ዳሰሰችው» አሉኝ። «ይሄ የኔ በር ነው አለች። ክረምቱ ሲወጣ ትመጣለች።» ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቀናሁ።

የዚያን ሳምንት እሁድ እናቴ በስልክ «ግሊሰሪኑን ትቀባለህ?» አለችኝ።

«እቀባለሁ።»

«ታዲያ መድረቁ ቆመልህ?»

«አዎ፣ ከግሊሰሪኑ ወዲህ ደርቆ አያውቅም» አልኳት። ስለ ቀለሙ እንደሆነ አልነገርኳትም። ደስ ብሏት፣ ከዚያ በኋላ መንገደኛ ባገኘች ቁጥር አንድ ጠርሙስ ትልክልኝ ጀመር። ጁባን ስለቅ ያልተከፈቱ ስድስት ጠርሙሶች ነበሩኝ።

ቅዳሜ ከፀጉር ቤት በቀጥታ እሷ ጋ ሄድኩ። አርጅታለች፤ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። የፀጉር ቤቱ መርጫ አስታውሶኝ ይህን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት። ቀለሙ አይብ የሆነበት ላይ ስደርስ በሳቅ ሞተች። በሩን ጨረስኩ፣ አልተፋችም ስላት ሳቋን አቆመች።

«ታዲያ ለማን አሳየኸው?»

እንደ ልማዴ አንድ ነገር ልፈጥር ነበር። ስልክ አይደለምና የሚቆረጥ ነገር የለም።

«ለማንም» አልኳት። «ብቻዬን ነበርኩ፣ እማዬ። ሁልጊዜ ብቻዬን ነበርኩ።»

እጄን ስባ መዳፌን ገለበጠችው። ከዳነ ስንት ዓመቱ። ቢሆንም በአውራ ጣቷ ታሸው ጀመር።

«ያኔ ብትነግረኝ» አለች፣ «ግሊሰሪን ነበር እንዴ የምልክልህ?»