ወጥ ቤቷና ትርፉ ሽጉጥ

ሃያ ሁለት አካባቢ ቢራ ቤቶች ውስጥ የሚወራውን አትመኑ። ደሪቱ ነብር ተኩሳ አልገደለችም። ያን ወሬ የነዛው የድርጅታችን ሾፌር ነው፤ እሱ ደግሞ የዚያን ዕለት ናዝሬት ጎማ ሲያስለጥፍ ነው የዋለው። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። እንዲያውም ነብሩ የያዘው እኔን ነው። ግራ ዓይኔን ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አይጠይቀኝም።

ስሜ ሐዱሽ ነው፤ ሥራዬ ቆዳ መግፈፍ። ፈረንጅ መጥቶ አጋዘንም ይግደል ነብር፣ ገፍፌ፣ ጨው ነስንሼ፣ ሳይበላሽ አገሩ እንዲገባለት አድርጌ የማስረክበው እኔ ነኝ። ደሪቱ ደግሞ የአደን ድርጅቱ ወጥ ቤት ነበረች። ከሰሚት ወዲያ የተወለደች የገበሬ ልጅ ናት፤ አባቷ ጤፍ ይዘሩበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። ቀጠን ያለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ የምታስር፣ የሰው ፊት አይታ ቃሏን የማትመልስ ሴት ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለችና እትዬ እላታለሁ። ብታንሰኝም እትዬ ማለቴ አይቀርም ነበር።

ጊዜው ሚሌኒየሙ አለፍ እንዳለ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ሕንጻ እንደ አሸን የፈላበት፣ መብራት ግን በፈረቃ የሚመጣበት ዘመን። ፈረንጅም በሽ በሽ ነበር። እኛም ወቅቱ ሲከፈት ወደ ሐረርጌ ደጋ ጫካ እንወጣለን።

እዚያ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ጠዋት ፈረንጁ ጠመንጃውን ይዞ ይወጣል። መሪ አዳኙ ዘርአጽዮን ጠመንጃ ትከሻው ላይ፣ ሽጉጥ ወገቡ ላይ አድርጎ ይከተለዋል። መንግሥት የመደበው ዘበኛ ደግሞ ክላሹን አንግቶ ከኋላቸው ይሄዳል። ካምፕ የምንቀረው እኔና ደሪቱ ነን፤ እኔ ቢላዋ፣ እሷ ጭልፋ ይዛ። ሥጋው ያለው እኛ ጋ ነው። ደሙም እኛ ጋ ነው። እስቲ አውሬ ሆናችሁ አስቡት፤ ወዴት ትሄዳላችሁ?

አንድ ዓመት አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ መጣ። አላስካ ከሚባል፣ ድብ እንደ ልቡ ከሚዞርበት አገር ነው። እሱ አገር አዳኝ ሁሉ ከጠመንጃው ሌላ ደረቱ ላይ ሽጉጥ ሳያንጠለጥል ከቤቱ አይወጣም አለ። ወደኛ አገር ሽጉጡን ይዞ መግባት ስላልተፈቀደለት ሱሪውን የተቀማ ያህል ሲነጫነጭ ሰነበተ። እራት ላይ ምክንያቱን አስረዳን፤ ዘርአጽዮን አስተረጎመ።

«ጠመንጃ አንተ ላየኸው አውሬ ነው። ሽጉጥ ግን ቀድሞ አንተን ላየህ ነው። ላይህ ላይ ከወጣ በኋላ ረጅም መሣሪያ ምን ያደርግልሃል?»

ደሪቱ ሾርባ እየቀዳች ነበር። «እስቲ ጠይቅልኝ» አለችው ዘርአጽዮንን፤ «እዚያ አገር ድቡ መጀመሪያ የሚመጣው ወዴት ነው? ወደ አዳኙ ነው ወይስ ወደ ወጥ ቤቱ?»

ሽማግሌው ሳቀ። ድብ የምግብ ሽታ ተከትሎ ወጥ ቤት ነው የሚገባው አለ።

«ወጥ ቤቷስ ምን ትይዛለች?»

ይህንን ዘርአጽዮን አልተረጎመውም። «ተይ እንግዲህ ደሪቱ» ብሎ ወደ ጉርሻው ተመለሰ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌው አንድ ነብር መታ፤ መታው እንጂ አልገደለውም። በማግስቱ ጠዋት ካምፑ ውስጥ ያለው መሣሪያ ሁሉ ተግበስብሶ የነብሩን ደም ተከትሎ ወጣ። ነብሩ ግን ዞሮ ወደ እኛ መጣ። እኔ ቆዳ ላይ ጎንበስ ብዬ ጨው እነሰንስ ነበር። ድምፅ አልሰማሁም፤ ክብደት ብቻ ነው የተሰማኝ። ፊቴን ሲይዘኝ የጮህኩትን ጩኸት ዛሬም ብሰማው የማውቀው አይመስለኝም።

ደሪቱ እንዴት እንደደረሰች አላየሁም። ዘይት የፈላበትን ድስት እንዳለ ጀርባው ላይ ገለበጠችበት። ነብሩ ለቆኝ ሄደ። ከዘይቱ ለእኔም ደርሶኛል፤ ጠባሳው ትከሻዬ ላይ አለ፤ ግን ቅር ብሎኝ አያውቅም። ዘርአጽዮን ከሰዓት በኋላ ወንዝ ዳር አግኝቶት ነብሩን ጨረሰው። ከዚያ ሁሉም ካምፕ ገብተው ጠመንጃ እያቀባበሉ ዙሪያችንን ቆሙ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ከሆስፒታል ስወጣ የድርጅቱ ባለቤት አብኔዘር ቢሮው ጠራን። ወጣት ነው፤ ቢሮው መድኃኔዓለም አጠገብ ባለ መስታወት ሕንጻ ላይ ነው። ዘርአጽዮንም ተቀምጧል።

«እትዬ ደሪቱ፣ አንቺ እኮ ጀግናችን ነሽ!» አለ አብኔዘር።

«ጀግና አትበለኝ፤ መሣሪያ ስጠኝ።»

«መሣሪያ? ለወጥ ቤት?»

«ዘርአጽዮን ሁለት ይዞ ይወጣል፤ እኛ ባዶ እጃችንን እንቀራለን። አንዱን ይተውልን።»

ዘርአጽዮን ክፉ ሰው አይደለም። ግን ተቆጣ። «በስሜ የተመዘገበ ነው። ለሌላ ሰው ሰጥቼ ብገኝ የምታሰረው እኔ ነኝ። ደግሞ ትርፍ አይደለም፤ የነፍሴ መጠባበቂያ ነው።»

«የእኛ ነፍስ መጠባበቂያ ጭልፋ ነው?»

«ይኼ ፖሊሲ ነው እትዬ ደሪቱ» አለ አብኔዘር።

«እሺ። ለሚቀጥለው አደን ፖሊሲው ወጥ ይሥራላችሁ!» ብላ ተነሣች። መብራት ስላልነበረ ሊፍቱ አይሠራም፤ እስከ ምድር ቤት እየተሳደበች በደረጃ ወረደች፤ እኔም አዲሱን የዓይኔን ፋሻ ይዤ ተከተልኳት።

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ካልሄደች እንጀራዋ ቀረ። ከሄደች ደግሞ እንዳለፈው ባዶ እጇን ትቀመጣለች፤ ሁልጊዜ ዘይት ፈልቶ አይገኝም። እኔም ከቆዳ ሌላ ሙያ የለኝም፤ እሷ ከሌለች ግን ያን ጫካ ዳግም የምረግጥበት ልብ አልነበረኝም። በእንቅልፌ እንኳ እየባነንኩ ነበር።

«የአባቴ ሽጉጥ አለ» አለችኝ ታክሲ ስንጠብቅ።

ሽጉጡን የያዘው ታላቅ ወንድሟ ረጋሳ ነው። መሬቱ ሲወሰድ ካሳውን ወንዶቹ ተካፈሉት፤ እሷን «አንቺማ አግብተሽ ወጥተሻል» አሏት። ባሏ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ሽጉጡንም ረጋሳ ወሰደ። ሰርግና ጥምቀት በሆነ ቁጥር ታጥቆት ይንጎራደዳል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደሪቱ የለመነቻቸው ሽማግሌዎች ረጋሳ ግቢ ተቀመጡ። ግቢው በኮንዶሚኒየሞች መሀል ታንቆ የቀረ ነው፤ ከላይ ሰገነቱ ላይ ከተሰጣ ልብስ ውሃ ጠብ ጠብ ይልብናል። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ ኦቦ ጅሬኛ ናቸው፤ የአባቷ ጎረቤት የነበሩ። ደሪቱ እኔንም ይዛኝ ሄዳለች። «አንተ ምንም አትናገር፤ ቁጭ በል ብቻ» ብላኛለች።

ረጋሳ ሽጉጡን ታጥቆ ነበር የጠበቀን። «ሴት ልጅ ሽጉጥ ታጥቃ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አለ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ነው የሚባለው።»

«ያ ወንድ የት ነበር?» አለች ደሪቱ። «ነብር ሰው ሲበላ ወንዶቹ ከነመሣሪያቸው ጫካ ነበሩ።» ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ኦቦ ጅሬኛ፣ መሬቱን አልጠየቅኩም። ካሳውንም አልጠየቅኩም፤ ይብሉት። የአባቴን ሽጉጥ ነው የጠየቅኩት። እሱ ለሰርግ ነው የሚታጠቀው፤ እኔ ግን የምሠራበት አለኝ።»

ኦቦ ጅሬኛ ጠሩኝ። ቀረብኩ። ፊቴን ብዙ አዩት፤ በእጃቸውም ነኩት። ባለችኝ ዓይን አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

«ረጋሳ» አሉ ሽማግሌው፤ «አባትህ ይኼን መሣሪያ የያዙት ከብቱን ከጅብ ሊጠብቁበት ነው። ዛሬ አንተ ጋ ከብትም የለ፣ ጅብም የለ። አውሬው ያለው እሷ ጋ ነው። ስጣት። የፈቃዱን ነገር እኛው ወረዳ ሄደን እንመሰክራለን።»

የረጋሳ ፊት አመድ መሰለ። «ነገ አመጣዋለሁ» አለ።

«ወገብህ ላይ አይደለም እንዴ?»

ቀበቶውን ፈታ። ሽጉጡን ከነአፎቱ ሰጣት። ደሪቱ በሁለት እጇ ተቀበለችውና ድርቅ ብላ ቀረች። እኔ ደስታ መስሎኝ ነበር።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እስቲ ከአፎቱ አውጪውና ልመርቀው» አሉ ኦቦ ጅሬኛ።

ረጋሳ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። ደሪቱ አየችው፤ ከዚያ ሽማግሌውን አየች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ኦቦ። አባቴ ያለ ምክንያት ከአፎቱ አያወጡትም ነበር። እዚሁ እንዳለ ይመርቁልኝ።»

ሽማግሌዎቹ በጣም ደስ አላቸው። አፎቱ ላይ እጃቸውን ጭነው መረቁት። አንደኛው «ከረጋሳስ እሷ ትሻላለች» ሲሉ ሰማሁ።

መንገድ ላይ ስንወጣ አፎቱን ለእኔ ሰጠችኝ። ቀለለኝ። ከፍቼ ሳይ ውስጡ ያለው የወይራ እንጨት ነው፤ በሽጉጥ ቅርጽ የተጠረበ፣ እጀታው በጫማ ቀለም የጠቆረ። ረጋሳ እየሮጠ ደረሰብን። ለካ የሚነዳው ሚኒባስ ሞተሩ ነክሶ ሲቆምበት ለማሠሪያ ሽጉጡን ያለ ወረቀት ሸጦታል። ይኼ ከታወቀ ይታሰራል።

«ለምን አላጋለጥሽኝም?» አላት፤ እንባው እየወረደ ነው።

«ቃሊቲ ብትገባ ስንቅ የሚያመላልሰው ማን ሊሆን ነው? እኔው አይደለሁ?» አለችው። «ግን ነብር አየኝ በል ረጋሳ! ከእንግዲህ ሴት ምናምን ስትል እንዳልሰማ።»

ሰኞ ያንን እንጨት ከነአፎቱ ታጥቃ ቢሮ ገባች። አብኔዘር ክው ብሎ ቀረ።

«ፈቃድ አለሽ?»

«በሂደት ላይ ነው።»

በዚያ ዘመን ይህን መልስ የሚከራከረው ሰው አልነበረም፤ መንገዱም፣ መብራቱም፣ ስልኩም በሂደት ላይ ነበር። ደግሞ የሚቀጥለው አደን ፈረንጆች መጥተው ሆቴል ገብተዋል። «እሺ፣ መኪና ውስጥ ግቡ» አለን።

ላምበረትን አልፈን ከከተማ ስንወጣ ጆሮዋ ሥር ሄጄ፣ «እትዬ ደሪቱ፣ እንጨት እኮ ነው!» አልኳት።

«ለነብሩ አይደለም» አለችኝ። «ለሰዎቹ ነው።»

ካምፕ በገባን በማግስቱ ጠዋት አዳኞቹ ሊወጡ ሲሉ ዘርአጽዮን ወጥ ቤቱ ድንኳን በር ላይ ቆመ። የመሣሪያ ሰው ነው፤ ዓይኑን አታታልለውም።

«ደሪቱ፣ ወገብሽ ላይ ያለው ነገር አላማረኝም። ሽጉጥ ቀበቶ ይጎትታል፤ ያንቺ ይወዛወዛል።»

እንጨቱን አውጥታ መክተፊያው ላይ አስቀመጠችለት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እሱም ሳቁን አቆመ።

«አብደሻል? በዚህ ልትቀሪ ነው የመጣሽው?»

«ያለፈውን ጊዜስ በምን ነበር የቀረሁት?»

እንጨቱን አንሥቶ አገላበጠው።

«ያንተን ተውልን» አለችው።

«ነግሬሻለሁ። እዚያ ጥሻ ውስጥ በጠመንጃ ብቻ አልገባም። ድንገት ላዬ ላይ ቢወጣስ?»

«ፈራህ?»

«አዎ ፈራሁ! የማይፈራ ማን አለ?»

«ጎሽ፤ አሁን ገባህ» አለች ደሪቱ። «አንተ ጠመንጃ ይዘህ እንኳ የምትፈራውን ቀን እኔና ሐዱሽ በባዶ እጃችን ነው የምንውለው። ሕጉን አውቃለሁ፤ ሕጉ ግን ነብር አያባርርልኝም። ወይ ሽጉጡን ትተህ ትሄዳለህ፣ ወይ እኛም እዚያ ጥሻ ውስጥ እንከተልሃለን፤ ከአንተ ኋላ ይሻለናል።»

ነጠላዋን ፈትታ እንደገና ጠበቅ አድርጋ አሰረች፤ የምሯን ነበር። ፈረንጁ መኪና ውስጥ ሆኖ ክላክስ ያደርጋል። ዘርአጽዮን ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ አደጋ ወዲህ ፊቴን በቀጥታ ሲያየኝ የመጀመሪያው ነው። ቀበቶውን ፈታና ሽጉጡን ከሽንኩርቱ አጠገብ አስቀመጠ። ማቀባበያውንና መቆለፊያውን አሳያት። ከዚያ በአንድ ጠመንጃ ወደ ጫካው ሄደ፤ አካሄዱ እንደ ድሮው አልነበረም፣ በየቁጥቋጦው ዞር ዞር ይል ነበር።

ደሪቱ ሽንኩርቷን ቀጠለች። እኔ ጨውና ቢላዋዬን አወጣሁ፤ የዚያን ቀን ጀርባዬን ለጫካው ሰጥቼ ሠራሁ።